ጉንፋኑ ለቆ ድካሙ ለምን አልለቀቀም? ጀሪካኑን እዩት

ትኩሳቱ በርዷል፣ ሳሉም ቀንሷል፤ ከአልጋ ስትነሱ ግን አሁንም ራስ ያዞራል። ብዙዎቻችን «ገና አልለቀቀኝም» ብለን ተመልሰን እንተኛለን። አንዳንዴ ግን ሰውነት የጎደለው ውሃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኩሳት ሲኖር በላብ ውሃ እናጣለን። አፍንጫ ሲዘጋ ደግሞ በአፍ ስለምንተነፍስ በየትንፋሹ እርጥበት ይወጣል። ሰቆጣ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ላቡ ቶሎ ስለሚተን ማላባችን እንኳ አይታወቀንም። በዚያ ላይ የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ ከወጡና ከሾርባው የምናገኘው ውሃም ይቀራል።

ስንት ሊትር ልጠጣ? ሊትር ከመቁጠር ሽንታችሁን እዩ። ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ናችሁ፤ ከጠቆረና ካነሰ ጨምሩ። ጣሳውን በአንዴ መገልበጥ ግን ሊያስመልስ ይችላል። ባይጠማችሁም በየጥቂት ደቂቃው ጉንጭ ጉንጭ በሉ።

«ቀዝቃዛ ውሃ ያብስበታል» እየተባለ ታማሚ ውሃ ይከለከላል። ኧረ ተዉ፣ ጉንፋን በቀዝቃዛ ውሃ አይብስም! ሞቅ ያለው ጉሮሮ ስለሚያስታግስ ግን ዝንጅብል ሻይ፣ አጥሚት፣ የበግ ሾርባ ሁሉም ይሆናል። የዋግ ማር ጨምሩበት፤ ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይሰጥም። ከ6 ወር በታች ከሆነ ደግሞ ጡት ብቻ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ነጭ ሽንኩርት በአረቄውስ? አረቄ ሽንት ያበዛል፣ እሱን ለጤነኛ ቀን አቆዩት።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት ታማሚው እህቱን ላለማድከም «ይበቃኛል» ይላል። የሱን ድርሻ ለብቻ በጆግ አስቀምጡለት፣ እስኪጠይቅ አትጠብቁ። የምንጭ ወይም የወንዝ ውሃ ከሆነ አፍሉት፣ ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት። ጉንፋን ላይ ተቅማጥ ቢደረብ ኪሳራው እጥፍ ነው።

ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ካለ ለምለም በጥብጡ፤ ውሃውን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ አድርጉ፣ በግምት አይሆንም። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የሚጠጣውን መጠን ባለሙያ ይጠይቅ።

ቀኑን ሙሉ ሽንት ካልመጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ታማሚው ከዘባረቀ፣ ወይም ሕፃኑ እያለቀሰ እንባ ከሌለው ቤት አትቆዩ፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።