ተጨማሪ መረጃ፦ ሻወር ትሬይ በዘመመ ወለል ላይ

በለንደን ቶተንሃም ብዙዎቹ ረድፍ ቤቶች የተሠሩት በዚያው አካባቢ በሰቨን ሲስተርስ የሚያልፈው የባቡር መስመር በ1872 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ በኋላ ነው። የፎቃቸው ወለል ጣውላ በመሆኑ በዕድሜ ብዛት መሐሉ ይሰረጉዳል። እንዲህ ባለ ወለል ላይ ሻወር ትሬይ (የሻወሩ መቆሚያ ገበታ) ሲገጠም አንዳንዱ ሰው ውኃው እንዲፈስ ብሎ ወደ ማፍሰሻው ያዘነብለዋል፤ ይህ ከንቱ ድካም ነው። ተዳፋቱ ከፋብሪካው አብሮት ስለመጣ ጠርዙ በአራቱም ጎን በውኃ ልክ ቀጥ ማለት አለበት። መጀመሪያ ወለሉን የተሸከሙት የጎበጡ አግዳሚዎች ተስተካክለው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውኃ የሚቋቋም ፕላይውድ በብሎን ይታሰርባቸዋል። ከዚያ ትሬዩ ከዳር እስከ ዳር ማልታ ላይ ይተኛል። በሽብልቅ ብቻ ከተደገፈ ሰው ሲቆምበት ይረግባል፤ የግድግዳው ሲሊኮን ይላቀቅና ውኃው በታችኛው ክፍል ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ይሠራል። ማዘንበል ያለበት የፍሳሽ ቱቦው ነው፤ በየሜትሩ ቢያንስ 18 ሚሊ ሜትር።