ከሐረጎ ቁልቁል፦ ወባ፣ ቶክሶፕላዝማና የሚጨነግፍ እርግዝና

ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ ከነበረበት ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ዝቅ ይላል። ደሴን ከወባ ብርዱ ይጠብቃታል። ኮምቦልቻ ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ሊነሣባት የሚችል ከተማ ናት። በ1950 ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 የዘለቀውና 150 ሺህ ገደማ ሰው የፈጀው ታላቁ የወባ ወረርሽኝ የወረደው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖረው ሕዝብ ላይ ነበር።

ወባ ፅንስ እንደሚያስጨነግፍ ከታወቀ ቆይቷል። ሲያነጋግር የኖረው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ወባን ተላምዳ ያደገች ሴት ስታረግዝ ለምን እንደ አዲስ ትታመማለች? ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዎቹ ሚካል ፍሪድና ፓትሪክ ደፊ በምዕራብ ኬንያ ከወላዶች የእንግዴ ልጅ ባገኙት ማስረጃ ፍንጭ አገኘ። ፋልሲፓረም የተባለው ተውሳክ የገባበት ቀይ የደም ሕዋስ፣ በእንግዴ ልጁ ላይ በብዛት ከሚገኘው ኮንድሮይቲን ሰልፌት ኤ ጋር ይጣበቃል። ሴቲቱ ከማርገዟ በፊት ይህ መጣበቂያ ስላልነበራት ሰውነቷ እዚህ የሚያደፍጠውን ተውሳክ አያውቀውም።

ጉዳቱም ከተውሳኩ ብቻ አይመጣም። እርግዝና እንዲጸና የእናቲቱ የመከላከል ኃይል ፅንሱን እንደ ባዕድ ሳይቆጥር ረገብ ማለት አለበት። ተውሳኩ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ሲከማች ግን ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ፤ ቲኤንኤፍና ኢንተርፌሮን ጋማ የተባሉ ተውሳክ የሚያዋጉ ንጥረ ነገሮች ይበዛሉ። ውጊያው ለፅንሱ ምግብና አየር የሚያቀብለውን መንገድ ያውከዋል። ፅንሱ ይጨነግፋል፣ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይም ክብደቱ አንሶ ይወለዳል።

ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋባቸው አገሮች አንዲት ሴት በወለደች ቁጥር ይህን ተውሳክ የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል ታዳብራለች፤ ስለዚህ በይበልጥ የምትጎዳው የመጀመሪያ እርግዝናዋ ላይ ነው። በእኛ ደጋ ጠርዝ ወባው አንዴ መጥቶ አንዴ ስለሚጠፋ ግን የአራት ልጆች እናትም መከላከያ ላይኖራት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በተከፈተው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመሥራት ከደጋ የምትወርድ ወጣት ደግሞ ከነጭራሹ ወባን ሳታውቅ ነው የምትገባው። እኔን የሚያሳስበኝ እሷ ናት። ሁለተኛ ወሯ ላይ፣ እርግዝናዋን ለማንም ሳትናገር ትኩሳት ሲይዛት «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽላታል፤ ደሟ ሳይታይ ቀናት ያልፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። በአገራችን ለነፍሰ ጡሮች የመከላከያ ክኒን በየጊዜው የማደል አሠራር ስለሌለ ያላት አጎበርና ፈጣን ምርመራ ነው።

ቫይቫክስ በተባለው የወባ ዓይነት የተያዘችው ችግሯ ሌላ ነው። ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ተውሳክ የሚነቅለው ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ስለዚህ እስክትወልድ ሊያገረሽባት ይችላል።

ከወባ ሌላ ለመጨንገፍ ምክንያት ተደርጎ ስለሚታየው ቶክሶፕላዝማ የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው። በድመት ዓይነ ምድር በተበከለ አፈርና ውኃ ወይም በጥሬ ሥጋ የሚተላለፈው ይህ ተውሳክ አደገኛ የሚሆነው በዋናነት ሴቲቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ሲይዛት ነው። ቀድሞ የያዛት ሴት በአብዛኛው ፅንሷን የሚጠብቅላት መከላከያ አላት። አይጂጂ የተባለው ምርመራ የሚያሳየው ይህን የቆየ ልክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የጅማ ጥናት ከተመረመሩት ነፍሰ ጡሮች 83.6 በመቶው ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹ ደግሞ የቆየ ልክፍት ያለባቸው ነበሩ። እንግዲህ ደጋግሞ ለሚጨነግፍባት ሴት «ቶክሶ ተገኝቶብሻል» ማለት ምክንያቱን አይነግራትም፤ ድመቷን አስጥሏት፣ ገንዘቧን አስወጥቷት፣ ከአማቷ ፊት ጥፋተኛ አድርጓት ብቻ ይቀራል። ከዚያ ይልቅ የደም ዓይነቷ አርኤች፣ ቂጥኝ፣ ስኳርና የደም ግፊት ይታይላት።