ስለ ማድ ቤትና ስለ ኤሌክትሪክ ምድጃ

ሰው ቤት ሲያሠራ አስቀድሞ የሚያስበው እንግዳ ስለሚቀበልበት አዳራሽ ነው፤ ማድ ቤቱ ግን ከጓሮ በተረፈው ቦታ ይሠራል። ይሁን እንጂ እመቤቲቱ ከቀኑ የሚበዛውን ሰዓት የምትውለው በማድ ቤት ነው። እኛም በልጅነታችን እናታችን እንጀራ ጋግረው ዓይናቸው በጭስ ቀልቶ፤ ወገባቸውን ይዘው ሲወጡ እያየን፤ ይህ የሴት ዕጣ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ዕጣ አለመሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር የመኖሪያ ቤት እጅግ ስላነሰ፤ የፍራንክፈርት ከተማ በመሐንዲሱ በኤርንስት ማይ መሪነት ብዙ ቤት ማሠራት ጀመረች። የማድ ቤቱን ንድፍ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 ያወጡት በቪየና የተወለዱት ማርጋሬቴ ሊሆትስኪ ናቸው። እርሳቸውም የባቡርን የምግብ ሠረገላ ወጥ ቤት ምሳሌ አድርገው፤ እያንዳንዱ ሥራ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት እየለኩ፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ90፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ40 ሳንቲም የሚያህል ማድ ቤት ነደፉ። እህሉ ስሙ በተጻፈበት የአሉሚኒየም መሳቢያ ይቀመጣል፤ የልብስ መተኮሻው ሰሌዳ ወደ ግድግዳው ይታጠፋል፤ ሴቲቱም በምትሽከረከር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትከትፋለች። እንዲህ ያለው ማድ ቤት 10,000 በሚያህል ቤት ገባ። ሮመርሽታት በሚባለው ሰፈርማ ምድጃው በኤሌክትሪክ ስለ ነበረ፤ ከሰል መሸከምና ዐመድ መዛቅ ቀረ።

ጭሱ ጠፋ፤ ርምጃውም አጠረ። ነገር ግን ማድ ቤቱ ለአንድ ሰው ብቻ ስለ ተለካ ልጅም ባልም ገብቶ ሊረዳ አልተመቸውም፤ ሴቲቱ ብቻዋን ቀረች። የኤሌክትሪኩም ዋጋ ለነዋሪው ከበደ። ነዳፊዋ ራሳቸው ያን ጊዜ ምግብ አብስለው እንደማያውቁ በኋላ ዘመን ተናግረዋል።

አሜሪካዊቱ የታሪክ ሊቅ ሩት ሽዋርትዝ ካወን በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ አስፍተው አስረድተዋል። አዲሱ መሣሪያ ያስቀረው በተለይ ባልና ልጆች ይሠሩት የነበረውን እንጨት መፍለጥና የመሰለውን ነው፤ የቤት አገልጋይም ቀረ። የንጽሕናውና የምግቡ ልማድ ግን ከፍ ስላለ፤ የእናት ድካም ቢቀልም የሥራዋ ሰዓት አላጠረም።

በአገራችንም ከተሞች የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተለመደ ወዲህ ብዙ ዓይን ከጭስ ድኗል። ሆኖም መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ሊጡ በቡሃቃው ቦክቶ ይቆያል፤ እመቤቲቱም መብራቱ እስኪመጣ እንቅልፏን ትተዋለች። ባሏ ግን ምጣዱን ገዝቼላታለሁና ሥራዋ አልቋል ይላል።

ስለዚህ ቤት ለማሠራት ያሰባችሁ ሁሉ፤ አናጢውን ከመጥራታችሁ በፊት በዚያ ማድ ቤት የምትሠራውን ሴት ጠይቁ፤ ምጣዱ የሚቀመጥበትን ከፍታ፤ የመስኮቱንም ስፍራ እርሷ ታሳይ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታም ተዉ። ቦታው ከተገኘ፤ ገብቶ መርዳት የባልና የልጆች ፈንታ ነው።