ከባቄላው ሥር ምን አለ?

ከደሴ ወጣ ብላችሁ በመስከረም ወር በደጋው ማሳ ዳር ብታልፉ፣ የባቄላው አበባ ሽታ ብቻውን ያስቆማችኋል። ብዙዎቻችን ግን ከመሬት በላይ ያለውን አይተን እናልፋለን። እስቲ የማሳውን ባለቤት አስፈቅዳችሁ አንዷን ባቄላ አፈሩን እያላላችሁ ከነሥሯ አውጡ። ጎትታችሁ ከነቀላችኋት የምንፈልገው ነገር ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ሥሩን በውሃ ስታጥቡት ትናንሽ እብጠቶች ተለጥፈውበት ታያላችሁ። በሽታ አይደሉም። አንዱን በጥፍራችሁ ፈልቅቁት፤ ውስጡ ሥጋ መስሎ ከቀላ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

«ዑስታዝ፣ ተክል ደም አለው እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ ሳቁበት እንጂ ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። ቀዩ ነገር ሌግሄሞግሎቢን ይባላል፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ለሚሸከመው ሄሞግሎቢን የቅርብ ዘመዱ ነው። ባቄላ ይህን ለምን አስፈለገው?

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። ተክል ያለ ናይትሮጅን አያድግም፤ ሆኖም ከአየር በቀጥታ መውሰድ አይችልም፤ ሁለቱ አቶሞች እጅግ ጠብቀው ተሳስረዋልና። ይህን እስራት ለመፍታት የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከተለመደው የአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ የበለጠ ግፊት ይጠቀማሉ። ራይዞቢየም የሚባለው ባክቴሪያ ግን በደሴ ብርድ፣ በእርጥብ አፈር ውስጥ፣ ያለ እሳት ይፈታዋል። የሚፈታበት ኤንዛይም አንድ ድካም አለበት፤ ኦክስጅን ካገኘው ይበላሻል። ባክቴሪያው ደግሞ ለመተንፈስ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። እንግዲህ ቀዩ ነገር ኦክስጅኑን ይዞ፣ ለባክቴሪያው የሚበቃውን ያህል ብቻ እየሰፈረ ያደርስለታል። አላህ ያበጀው ሚዛን ይሏል ይህ ነው።

ባክቴሪያው ወደ ሥሩ የሚገባው ሰብሮ አይደለም። ሥሩ የናይትሮጅን እጥረት ሲያጋጥመው የኬሚካል ጥሪ ወደ አፈሩ ይለቃል፤ ባክቴሪያውም በራሱ ኬሚካል ይመልሳል። ምልክቱ ከተስማማ ጠጉር መሳዩ የሥር ክር ተጠቅልሎ ይይዘዋል፤ ተክሉም ወደ ውስጥ የሚወስድ ቀጭን ቱቦ ያበጅለታል። በመጨረሻ ሴሉ ባክቴሪያውን በስስ ሽፋን ጠቅልሎ ይቀበለዋል። ልብ በሉ! በሴሉ ውስጥ ነው፣ ከሴሉ ጋር ግን አልተቀላቀለም፤ እንግዳው እልፍኝ ተሰጠው እንጂ ጓዳ አልገባም። ልውውጡ ሁሉ በሽፋኑ በኩል ነው። በባቄላ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች አብጠው ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፣ ከዚያም ወዲያ አይራቡም።

በምፅዋና በዳህላክ ዙሪያ፣ በቀይ ባሕር ውስጥ ያለው ኮራልም (ዐረቦች መርጃን ይሉታል) ተመሳሳይ እንግዳ አለው። በሴሎቹ ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን በሽፋን ጠቅልሎ ያኖራል። እዚያ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ሠርቶ የሚያበላው እንግዳው አልጌ ነው፣ በባቄላ ዘንድ ደግሞ ምግቡን የሚያቀርበው ባለቤቱ ነው። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌዎቹን ያጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም በረሃብ ይሞታል። (ለጌጥ የሚሸጠው ቀዩ መርጃን ግን አልጌ አያኖርም፤ ጨለማ ይወዳል።)

ባቄላው ለእንግዳው ምግብ የሚሰጠው በነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ቶቢ ኪርስና ባልደረቦቿ የአኩሪ አተርን ሥር ናይትሮጅን በሌለበት አየር ውስጥ አኑረው ነበር፤ ባክቴሪያዎቹ ቢፈልጉም ናይትሮጅን ማቅረብ አልቻሉም። ተክሉ ሥራ ያቆሙትን እብጠቶች የቀጣቸው ይመስላል፤ ባክቴሪያዎቹ እንደሌሎቹ ሳይራቡ ቀሩ።

ይህ ሁሉ ለገበሬው ቤተሰብ ምን ይረባዋል? የማዳበሪያ ዋጋ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ሲንር፣ ዩሪያ ከውጭ ለሚገባባት ሀገራችን ገበሬ ነገሩ የጓሮ ወሬ አልነበረም። ባቄላ ላይ ዩሪያ ማብዛት ኪሳራው እጥፍ ነው። ሥሩ ናይትሮጅን በቀላሉ ካገኘ ባክቴሪያውን መጥራት ይተዋል፤ እብጠቶቹም ያንሳሉ። አባቶቻችን ባቄላን ከስንዴና ከገብስ ጋር ማፈራረቃቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን ባቄላ መሬቱን ያጠግባል ሲባል ሁልጊዜ እውነት አይመስለኝም። ከናይትሮጅኑ ብዙው በፍሬው ውስጥ ይሄዳል፤ ሥሩን ነቅለን ገለባውንም ጠርገን ከወሰድን ለአፈሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በማጭድ አጭዶ ሥሩን መተው ይሻላል።

ፈልቅቃችሁ ያያችሁት እብጠት ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነስ? ተስማሚው ባክቴሪያ አልተገኘ፣ አፈሩ ኮምጣጣ ሆኖ ይሆናል፣ ወይም እብጠቱ ዕድሜው አልፏል። ለዚህም ባክቴሪያው በፓኬት ተዘጋጅቶ፣ ሕያው ማዳበሪያ እየተባለ ይቀርባል። ግን ሰብሉን ለይታችሁ ግዙ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይጋራሉ፤ የሽምብራው ሌላ ነው፣ በኮምቦልቻ ዙሪያ በቃሉ ቆላ የሚዘራው የማሾም እንዲሁ ሌላ ነው። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አትርሱ፤ በኮምቦልቻ ፀሐይ መኪና ውስጥ ከዋለ ተራ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ዘሩን በጥላ ሥር ለውሱት፣ ከዩሪያ ጋር አትቀላቅሉት፣ በዚያው ቀንም ዝሩት።