ኮፒ ሌላ፣ ክሎን ሌላ

“ይሄ ላፕቶፕ አርጅቷል፤ ሌላ ይገዛ” ሲባል ስሰማ ያንገበግበኛል። ቢታ ገነት ውስጥ ለጥገና እጄ ላይ የሚደርሱት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የሚንቀራፈፉት ሃርድ ዲስካቸው ስለሚጎትታቸው ነው። አይቢኤም በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሳህን ደርድሮ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር። የዛሬው በመዳፍ ቢያዝም አሠራሩ ያው ነው፦ የብዙ ላፕቶፖች ሳህን በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ መረጃ አንባቢው ጫፍ ከሳህኑ ፊት ከፀጉር በብዙ ሺህ እጅ በቀጠነ ክፍተት ይንሳፈፋል። ላፕቶፓችሁን ሳታጠፉ ከቦንጋ በመኪና እያንገጫገጫችሁ የምታመጡ ሰዎች፣ እባካችሁ አጥፉት።

በሃርድ ዲስኩ ምትክ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባል ዲስክ የሚዞር ነገር የለውም። ላፕቶፑ የሚቀበለውን ዓይነት አይቶ መግዛት፣ ባትሪውን ነቅሎ ብሎኑን መፍታት፣ መግጠም፤ ይኸው ነው። 500 ጊጋ ተብሎ የተገዛው ዊንዶውስ ላይ 465 ቢል ሻጩን አትጣሉት፤ ሻጩ በሺህ፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ጉዳት የሚመጣው መረጃው ሲዛወር ነው። አንዲት የጽሕፈት ሠራተኛ “ጋሼ፣ የስንት ዓመት ደብዳቤዬ እንግሊዝኛ ሆነብኝ” ብላ መጣች። ዲስኩን የቀየረላት ሰው ፋይሎቿን በፍላሽ ገልብጦ፣ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ፣ ፋይሎቹን መልሶላታል። ስትከፍታቸው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ!

ደብዳቤዎቹ አልጠፉም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ መሥሪያ ቤቶችም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በእነሱ ጽፈዋል። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲኑ ቁጥር ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ደግሞ የሚቀመጠው ዊንዶውስ ውስጥ እንጂ “ዶክመንት” የሚለው ፎልደር ውስጥ አይደለም። ፋይል ብቻ ኮፒ ያደረገ ሰው ደብዳቤውን አምጥቶ ዓይኑን ትቶታል። ደግነቱ አሮጌውን ዲስክ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። በዩኤስቢ ኬብል ሰካሁት፣ ፎንቶቹን አውጥቼ ጫንኩላት፤ አማርኛው ተመለሰ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ ስታነብ እስካሁን ትታየኛለች።

ክሎን ግን ዲስኩን እንዳለ፣ ከነዊንዶውሱ፣ ከነፎንቱ፣ ከነፕሮግራሙ ይገለብጣል። አዲሱን በዩኤስቢ ኬብል ሰክታችሁ የክሎን ፕሮግራሙን ታስነሳላችሁ። ምንጩ የቱ፣ ተቀባዩ የቱ እንደሆነ ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ ተገላብጦ ከታዘዘ ባዶው ዲስክ ሙሉውን ያጠፋዋል። መብራት በመሐል ሊሄድ ስለሚችል ባትሪው ሳይሞላ አትጀምሩ። አሮጌው ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ክሎኑን ተዉት፤ በቅድሚያ የማይተካውን ፋይል አውጡ።

ክሎኑ አልቆ አዲሱ ዲስክ ከተገጠመ በኋላ ደብዳቤዎቹን፣ ፎቶዎቹን፣ የሒሳብ ሰነዶቹን አንድ በአንድ ከፍታችሁ እዩ። አሮጌውን ዲስክ ቢያንስ ለአንድ ወር ፎርማት አታድርጉት።