ልጆቻችን «የዓለም ዜጋ ነኝ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

በቅርቡ አንድ ሰንበት ከዘመዶቼ ቤት አረፍኩ። የቤቱ ልጅ 21 ዓመቷ ነው። ከጻሃል ከተሰናበተች ሁለት ወር ሆኗታል፤ እንደ ጓደኞቿ ለግማሽ ዓመት ወደ ደቡብ አሜሪካ ለጢዩል ልትሄድ ስላሰበች በአስተናጋጅነት እየሠራች ገንዘብ ታጠራቅማለች። አያቷ «እዚያ ምን ዘመድ አለሽ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ ፈገግ አለችና በዕብራይስጥ «አኒ ኤዝራሒት ሃዖላም» አለች። የዓለም ዜጋ ነኝ ማለቷ ነው።

አያት ዕብራይስጥ ብዙ አይሰሙም። ይህችን ቃል ግን ያውቋታል፤ ዘግይታ የመጣችውን ልጃቸውን ኤዝራሑት (ዜግነት) ለማስጨረስ ወረቀት ይዘው ስንት ጊዜ ተመላልሰዋል። ስለዚህ ከልባቸው ጠየቁ፦ «የትኛው ሚስራድ ነው የሰጠሽ?»

እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ውድ አንባቢያን፣ የአያት ጥያቄ የሚያስቅ አይደለም። አባቶቻችን በጎንደር በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ያርሱ፣ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ፣ ይሸምኑ ነበር። በሱዳን በኩል የወጡት በእግራቸው ሌሊት ሌሊት ተጉዘው መጠለያ ሰፈር ገቡ፤ በመንገድና በሰፈሩ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ገባ፤ አያትም ከእነዚያ አንዷ ናቸው። ቴኡዳት ዜሁታቸውን (መታወቂያቸውን) ዛሬም በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይይዟታል። እንዲህ ያለ ሰው «የዓለም ዜጋ» ሲባል ሲሰማ፣ ይህን ያህል ተከፍሎበት የተገኘ ነገር የሚጣል ይመስለዋል።

ልጅቱ ግን የምትጥለው ነገር የለም። በማግስቱ ለብቻዋ ጠየቅኋት። የምትሰማው ዘፈን ከጃማይካም ከአሜሪካም ነው፤ ከሠራዊት ጓደኞቿ የአንዷ ወላጆች ከሩሲያ፣ የሌላዋ ከአርጀንቲና መጥተዋል። እንደ አስቴር ራዳ መሆን ያምራታል። አስቴር በ1985 በቂርያት አርባዕ የተወለደች፣ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የመጡ ዘፋኝ ናት፤ የምትዘፍነው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሙሉቀን መለሰን የቆየ ዘፈንም ወስዳ በአማርኛ ዘፍናለች። ልጅቱ እንዲህ አለችኝ፦ «እሷን ከየት ነሽ ሲሏት ሁሉንም መመለስ ትችላለች፤ አንዱን ምረጪ አይሏትም።» እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ።

ነገር ግን ይህንኑ ቃል በሌላ ድምፅ የሚናገሩም አሉ። በ2015 በአፕሪል መጨረሻ በሖሎን አንድ የኛ ልጅ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር፣ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ተቀረጸ። በዚያው ሳምንት በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ አንድ ጥቁር ወጣት በፖሊስ እጅ ሳለ በደረሰበት ጉዳት በመሞቱ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ነበር። ልጆቻችን ሁለቱንም በአንድ ስልክ ላይ ተመለከቱ፤ ቀጥሎም በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ሰልፍ ወጡ። ከዚያ በኋላ «እኔ የዚህ አገር ብቻ አይደለሁም» የሚል ወጣት አጋጥሞኛል። እሱ የሚለው ዓለም ሰፊ ናት ሳይሆን እዚህ ጠበበኝ ነው። ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎ ይህን ቃል ሲናገር ከመቆጣትዎ በፊት ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ድምፁን ያዳምጡ። የመጀመሪያው ምርቃት ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ግን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሰው ይሻል።

ነገሩ የኛ ልጆች ብቻ አይደለም። ቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ በ2016 ባወጣው የ18 አገሮች መጠይቅ ከተጠየቁት አዋቂዎች ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ከአገሬ ዜግነት ይልቅ የዓለም ዜጋ ነኝ ብለዋል። በናይጄሪያ ከመቶ 73፣ በጀርመን ከመቶ 30 ነበሩ። እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ጀርመናዊው ያለ ቪዛ ብዙ አገር ይገባል፤ ናይጄሪያዊው በየኤምባሲው ደጅ ይሰለፋል። ዓለም የኔ ናት የሚለው ግን በሩ የተዘጋበት ነው።

በዚያች ሰንበት ቤትም እንዲሁ ነበር። ልጅቱ የእስራኤል ዳርኮን (ፓስፖርት) አላት። በእሱ ወደ አብዛኛው አውሮፓ ያለ ቪዛ ለ90 ቀን ትገባለች፤ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ወደ አሜሪካም ቢሆን አስቀድማ በኢንተርኔት ፈቃድ ከጠየቀች ቪዛ አያስፈልጋትም። ጎንደር ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቀው የአጎቷ ልጅ ግን ያንኑ ዘፈን እየሰማ፣ ያንኑ ስልክ ይዞ፣ አንዱንም ድንበር በዚህ መንገድ አይሻገርም። የዓለም ዜጋ የሚል ወረቀት ያለው መንግሥት የለም። ጋሪ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ በ1948 ዜግነቱን በፓሪስ መልሶ ከ1954 ጀምሮ «የዓለም ፓስፖርት» ማደል ጀምሮ ነበር፤ ድንበር ላይ የሚቀበለው እምብዛም ነው። ስለዚህ አያት የትኛው ሚስራድ ሰጠሽ ማለታቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች ይጠይቁኛልና። ወጣቱ ከሠራዊት ሲሰናበት ሁለት ዓይነት ገንዘብ ያገኛል። ማዓናክ የሚባለው ባንክ ይገባለታል፤ ለጢዩልም ቢሆን እንደፈለገ ያወጣዋል። ፒቃዶን የሚባለው ግን የሚወጣው ለትምህርት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ፣ ለቤት ወይም ሥራ ለመክፈት ነው፤ ሳይነካ የቀረው ከአምስት ዓመት በኋላ ለማንኛውም ነገር ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ልጄ ጢዩል ሄዳ የትምህርቷን ገንዘብ ጨረሰች ብላችሁ አትጨነቁ።

ሰንበት ከወጣ በኋላ ቡና ተፈላ። አያት ልጅቱን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «እሺ ሂጂ። ከመሄድሽ በፊት ግን ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ። በሰው አገር አንድ የኛ ልጅ ብታገኚ ዘመድሽ ይሁን አይሁን በምን ታውቂያለሽ?» አሏት። ልጅቱ አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን ጠራች፤ አራተኛው ላይ ቆመች። አያት የቀሩትን ከነመንደራቸው ነገሯት። እሷም ስልኳን አውጥታ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፈቻቸው፤ አንዱን ስም «ጸ» ነው «ጠ» ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው።