«ለማንም እንዳትናገሪ»
ሁለት የኮሪያ ተማሪዎች ቴሌግራም ውስጥ ያጋለጡት ጉድ ለእኛ ቤት የሚነግረው ነገር አለ

እራት ቀርቧል። የ15 ዓመት ልጅዎ ግን እንጀራውን ቆርሳ ቆርሳ ትተወዋለች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀምጣዋለች፤ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ትደነግጣለች። «ምን ሆንሽ?» ይሏታል። «ምንም» ትላለች። «ምንም ሳትሆኚ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ሲሏት ተነስታ ክፍሏ ትገባለች።

ይህ «ምንም» ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። የፈተና ጭንቀት ወይም ከጓደኛ ጋር መኳረፍ ይሆናል። አንዳንዴ ግን ከበስተጀርባው ማንነቱን የማታውቀው ሰው አለ። ሰውየው በስልኳ ውስጥ ቁጭ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይደጋግምላታል፤ «ለማንም እንዳትናገሪ»።

ወጣቶች የሚወዷቸው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ሁሉ «ማነው?» በሚል ጥያቄ ይጀምራሉ። ቀጥሎ የምናጫውትዎ ታሪክም በዚሁ ጥያቄ ይጀምራል። ልዩነቱ ይህኛው በእውን የተፈጸመ፣ መርማሪዎቹም ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሴቶች መሆናቸው ነው።

ለውድድር የተጀመረ ፍለጋ

ጊዜው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2019፣ ቦታው ደቡብ ኮሪያ ነው። ሁለት የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ለአንድ የምርመራ ዘገባ ውድድር ርዕስ ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአገሪቱ ሴቶች አደባባይ ወጥተው ነበር። መጸዳጃ ቤትና ልብስ መለወጫ ክፍል ሳይቀር በድብቅ ካሜራ እየተቀረጹ ምስላቸው በኢንተርኔት መቸብቸቡ አንገፍግፏቸው ነው የወጡት። ተማሪዎቹም «እነዚህ ምስሎች የት ነው የሚሄዱት?» ብለው ጉግል ላይ መፈለግ ጀመሩ።

ፍለጋው ወደ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አደረሳቸው። ከዚያ ግሩፕ ደግሞ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ወደተሰጣቸው ሌሎች ድብቅ ክፍሎች የሚወስድ መንገድ ነበር። የአገሪቱ ጋዜጦች በኋላ ጉዳዩን «ኤንዝ ሩም» ብለው የጠሩት ከዚሁ ቁጥር በመነሳት ነው። በክፍሎቹ ውስጥ የነበረው ከጠበቁት በላይ ከባድ ነበር። ገና አፍላ ወጣት የሆኑ ልጃገረዶች በማስፈራሪያ ተገደው የቀረጿቸው ቪዲዮዎች ከስማቸውና ከሌላ የግል መረጃቸው ጋር ይሰራጩ ነበር። ተመልካቾቹ ልጆቹን «ባሪያ» እያሉ ይጠሯቸዋል።

ሁለቱ ተማሪዎች ከዚያ ወጥተው ዓይናቸውን መጨፈን ይችሉ ነበር፤ ግን አልወጡም። ማንነታቸውን ደብቀው በየቀኑ እየገቡ የሚባለውንና የሚለጠፈውን በማስረጃነት መሰብሰብ፣ ለፖሊስም ማቅረብ ጀመሩ። ራሳቸውን «ቡልኮት» አሉ፤ «ነበልባል» እንደማለት ነው። ዛቻውን በመፍራት እውነተኛ ስማቸውን ለረጅም ጊዜ ሳይገልጹ «ቡል» እና «ዳን» እየተባሉ ቆዩ።

ወጥመዱ እንዴት ይሠራ ነበር?

ለእኛ ለወላጆች የታሪኩ ዋና ክፍል ይህ ነው። «እንዴት አንዲት ልጅ ለማታውቀው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ትልካለች?» ብለን የምንፈርደው አሠራሩን ስለማናውቅ ነውና።

አንዱ ዘዴ ሊንክ ነበር። ለልጅቷ «ፎቶሽ ወጥቷል፣ እዚህ ገብተሽ አረጋግጪ» የሚል ዓይነት መልእክት ይላካል። አንዳንዴ ላኪው ፖሊስ መስሎ ይቀርባል። ልጅቷ ደንግጣ ሊንኩን ትነካለች፣ የይለፍ ቃሏን ታስገባለች፤ በዚያች ቅጽበት አካውንቷ ከእጇ ይወጣል።

ሁለተኛው ዘዴ የሥራ ማስታወቂያ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፣ ልምድ አይጠይቅም፣ ክፍያው ግን ከፍተኛ ነው። ያመለከተችው ወጣት «ክፍያውን የምንልክልሽ» እየተባለች መታወቂያዋን፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥሯን፣ አድራሻዋንና ፎቶዋን ትሰጣለች። ይህ አልበቃ ሲል በመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ግብረ አበሮች የተጎጂዎችን የግል መረጃ ከመዝገብ እያወጡ ይሰጡ ነበር።

የቀረው ቀላል ነው። «የላክሽውን ለወላጆችሽና ለትምህርት ቤትሽ እልካለሁ። እንዳልልክ ከፈለግሽ አንድ ተጨማሪ ላኪ።» አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አሥር ይሆናል። እያንዳንዱ ምስል ለሚቀጥለው ማስፈራሪያ መያዣ ይሆናል።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ልጅቷን ያሰራት የመጀመሪያው ፎቶ ብቻ አልነበረም። ሰውየው ቤቷን ያውቃል፤ እሷ ደግሞ ቤተሰቦቿ ቢሰሙ ከጎኗ እንደማይቆሙ ታምናለች። ጉልበቱን ያገኘው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። አንደኛው የግል መረጃ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው እኛ ይሉኝታ የምንለው፣ ኮሪያም ሌላ ስም ያለው ነገር ነው።

ከጭምብሉ ጀርባ

በኅዳር 2019 «ሃንኪዮሬ» የተባለው ጋዜጣ ጉዳዩን ማተም ጀመረ። አገሩ ሁሉ የተነሳው ግን ከወራት በኋላ ነው። በመጋቢት 2020 «ባክሳ»፣ ትርጉሙ «ዶክተር»፣ በሚል ስም ከክፍሎቹ አንዱን የሚመራው ሰው ተያዘ። ማንነቱ ይገለጥ የሚለውን ጥያቄ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈረሙ፤ ፖሊስም ገለጠው።

ቾ ጁ ቢን ይባላል፤ የ24 ዓመት ወጣት ነው። የኮሌጁ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረ፣ በበጎ ፈቃድም ያገለገለ፣ ጎረቤት ቢያየው የማይጠረጥረው ልጅ። በዚያን ጊዜ ፖሊስ የቆጠራቸው ተጎጂዎቹ 74 ሲሆኑ 16ቱ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ነበሩ። ተመልካቾቹ የመግቢያ ዋጋ በክሪፕቶ ገንዘብ ይከፍሉት ነበር። መጀመሪያ 40 ዓመት የተፈረደበት ሲሆን፣ ከሌላ ክስ ጋር ተጣምሮ በይግባኝ 42 ዓመት ሆነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጥቅምት 2021 አጸናው። ባለቁጥሮቹን ክፍሎች የከፈተው «ጋድ ጋድ» የተባለው ሰውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ተገኘ፤ 34 ዓመት ተፈረደበት።

ከፍርዱ እኩል የሚያስተምረው የሕጉ ለውጥ ነው። ኮሪያ በ2020 ሕጓን አሻሽላ በሕገ ወጥ መንገድ የተቀረጸ ወሲባዊ ምስልን መግዛት፣ ማስቀመጥና ማየት ጭምር እስከ ሦስት ዓመት እስር እንዲያስቀጣ አደረገች። «እኔ አየሁ እንጂ አልቀረጽኩም» የሚለው ማምለጫ ተዘጋ። ያ ሁሉ ገበያ የቆመው በተመልካቾቹ ነበርና።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2024 ደግሞ የተማሪዎችንና የመምህራንን ፊት ከማኅበራዊ ገጻቸው ወስዶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሌላ እርቃን ገላ ጋር የሚያጣብቅ ወንጀል በቴሌግራም ተስፋፋ። ምንም ያልላከች ልጅ እንኳ ተጎጂ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። የመመረቂያ ፎቶ ብቻ ይበቃል።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ

ቴሌግራም እኛ ቤት እንግዳ አይደለም። የልጆች የቤት ሥራ በእሱ ይመጣል፣ ጫማና ቀሚስ በእሱ ይሸጣል፣ ሥራ ፈላጊም ማስታወቂያ የሚያነበው እዚያው ነው። ስለዚህ «ስልኩን እንንጠቃት» መፍትሔ አይሆንም። ስልኳን የምንነጥቃት ከሆነ ሲቸግራት ለምን ትነግረናለች? ልጆች ዝም ከሚሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ፍርሃት ነው።

ዛሬ ማታ ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለው አሥር ደቂቃ ይስጡት። ቴሌግራም ላይ «ሴቲንግ» ከዚያም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚለውን ይክፈቱ። ስልክ ቁጥሯን ማንም እንዳያየው፣ የማታውቀው ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዳይጨምራት፣ የፕሮፋይል ፎቶዋንም የምታውቃቸው ብቻ እንዲያዩት ያስተካክሉ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። «ዲቫይስስ» በሚለው ውስጥ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ካለ ያስወጡት። የእርስዎንም ስልክ አብራችሁ አስተካክሉ፤ ልጅቷ እንደ ቅጣት እንዳታየው ይረዳል።

ሥራ የምትፈልግ እህት ወይም ልጅ ካለችዎ ደግሞ ይህን ይንገሯት። ቢሮውን ሳታይ፣ ማን እንደሚቀጥራት ሳታረጋግጥ የመታወቂያዋን ፎቶ፣ የፋይዳ ቁጥሯንና የቁም ፎቶዋን በቴሌግራም አትላክ።

ከደረሰ ምን ይደረጋል?

የመጀመሪያው ንግግርዎ ከሁሉ ይበልጣል። «ምን አድርገሽ ነው?» ከማለትዎ በፊት «ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ፤ አብረን እንወጣዋለን» ይበሏት። ቁጣው ቢመጣብዎም ለወንጀለኛው ያቆዩት።

ገንዘብም ሆነ ሌላ ምስል አይላክ። አንዴ የተከፈለው ሰው ተመልሶ ይጠይቃል።

ምንም ነገር አታጥፉ። መልእክቱን፣ የላኪውን መጠሪያና ቁጥር፣ ቀኑን፣ ገንዘብ ላኪ ያለበትን ሂሳብ ሁሉ ስክሪንሾት አንሱ። ቴሌግራም ላይ አንደኛው ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ስለሚችል አትዘግዩ። ስልኩ ስክሪንሾት አልነሳም ካለ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱት። የልጅቷን ምስል ግን «ምክር ለመጠየቅ» ብላችሁ ለአጎትም ለአክስትም አትላኩ፤ ፖሊስ ባለበት በራሱ ስልክ ላይ ይታይ።

ማስረጃው ከተያዘ በኋላ አካውንቱን ለድርጅቱ ሪፖርት አድርጉና ዝጉት።

ምስሉ እንዳይሰራጭ የሚያግዙ ነፃ አገልግሎቶችም አሉ። ምስሉ ሲነሳ ከ18 ዓመት በታች ለነበሩ «ቴክ ኢት ዳውን»፣ ለአዋቂዎች ደግሞ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» ይባላሉ። ምስሉ ራሱ ከስልኩ አይወጣም፤ ከምስሉ እንደ ጣት አሻራ ያለ የቁጥር ምልክት ብቻ ወጥቶ ለተባባሪ ድርጅቶች ይሰጣል። እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያሉት በዚያ ምልክት ምስሉን ይለዩታል። የማይተባበሩ ገጾች ላይ አይሠራም፤ ቢሆንም መንገዱን ያጠብበታል።

ከዚያ ወደ ፖሊስ። በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ሰውን ማስፈራራትንና ስለ ሰው የሚያስጨንቅ መልእክት ደጋግሞ መላክን በወንጀልነት ደንግጓል። ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ደግሞ በተለየ አንቀጽ ይቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ እንደፈለጉ የሚበትኑት እንዳልሆነ ይደነግጋል። «ፖሊስ ጋ ሄዶ ማን ይዋረዳል?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ተዋራጁ ማን እንደሆነ ያስታውሱት።

በእነዚያ ቀናት ልጅቷን ብቻዋን አይተዉዋት። አትበላም፣ አትተኛም፣ ወይም «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ነገር ትናገራለች? ነገ ሳይሉ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይውሰዷት።

ወንድ ልጅዎስ?

ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ ሴት ልጃችንን ብቻ አስቀምጠን እንመክራለን። «ተጠንቀቂ፣ አትለጥፊ፣ አትላኪ።» ወንዱ ልጃችን በጎን ሆኖ ስልኩን ይነካካል። የኮሪያውን ጉድ የሠሩት ግን ፎቶ የላኩ ልጆች አልነበሩም። የሠሩትም፣ ከፍለው ያዩትም፣ የተሳሳቁበትም በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ የአንዱ እናት የአንዱ አባት ያሳደጓቸው።

ስለዚህ ለእሱም ይንገሩት። የክፍል ጓደኛው ፎቶ ግሩፕ ላይ ሲመጣ አለማስተላለፍ ብቻውን አይበቃም። «ይሄ ነውር ነው፣ አጥፋው» ማለት፣ ከግሩፑ መውጣት፣ ለሚያምነው አዋቂ መናገር አለበት። ቀልድ መስሎት የልጅቷን ፊት በአፕ ቢያጣብቅ ያች ልጅ ነገ ትምህርት ቤት መሄድ እንደምታቆም ይወቅ።

ከሁለቱ ተማሪዎች «ቡል» ትባል የነበረችው ፓርክ ጂ ህዮን በ2022 በገዛ ስሟ አደባባይ ወጣች። ገና 26 ዓመት ሳይሞላት የአገሯ ትልቅ ፓርቲ ጊዜያዊ ተባባሪ ሊቀመንበር ሆነች። እሷና ጓደኛዋ ሥራውን ሲጀምሩ ሥልጣንም ገንዘብም አልነበራቸውም። ያዩትን ለመናገር ግን አላፈሩም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ልጅ በሽታዋን የምትደብቀው ግን የሚሰማት ስታጣ ነው። በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው «ለማንም እንዳትናገሪ» ይላታል። እኛም ነገሩን ስንሰማ ቀድመን «ሰው እንዳይሰማ!» ካልናት ከእሱ ጋር አንድ ቃል ተናገርን ማለት ነው።

ዛሬ እራት ላይ ምንም ችግር ሳይኖር ይንገሯት። «አንድ ቀን የሚያስፈራሽ ነገር ቢመጣ፣ ጥፋቱ ያንቺም ቢመስልሽ፣ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ። አልቆጣሽም።» ከዚያ ደግሞ ቀኑ ሲመጣ ቃልዎን ይጠብቁ።